የእንግሊዝ ወታደር ታዛዥነትና የሕዝቡ ሕሊና

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለመመርመር የሚሻ ሰው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ብቻ ቢያነብ ምርመራው ጎደሎ ይሆናል። ያ ሕዝብ ወታደሩን በጦርነት ጊዜ እንዴት እንደሚያዝዘው፥ በሰላም ጊዜም እንዴት አድርጎ እንደሚያኖረው መመልከት ይገባዋል። ወታደር ከሕዝቡ መካከል የወጣ ነውና የእናቱን ቤት ጠባይ ይዞ ይዘምታል፤ ሲመለስም ያየውንና የሠራውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። በዚህ ረገድ የእንግሊዝ ሕዝብ ታሪክ ብዙ የሚያስተምር ነው፤ ይህ ሕዝብ ወታደሩን ይወድዳል፥ ቋሚ ሠራዊትን ግን ሲፈራ ኖሮአልና። ከዚህ በታች የተነገሩት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፍርሀቱ አንደኛው ምክንያት አገሪቱ ደሴት መሆንዋ ነው። ባሕር ቅጥር፥ የጦር መርከብም ዘበኛ ስለ ሆነላት፥ ጎረቤቶችዋ በየብስ እንደሚያደርጉት ብዙ ጭፍራ በየድንበሩ ማቆም አላስፈለጋትም። ሁለተኛውና የሚበልጠው ምክንያት ግን ከገዛ ታሪካቸው የተገኘ ነው። በ1649 ዓ.ም. ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ በሞት ከተቀጣ በኋላ ኦሊቨር ክሮምዌል በሠራዊቱ ኀይል አገሩን ገዛ፤ በ1655 ዓ.ም.ም አገሩን ከፋፍሎ ለጦር አለቆች አስተዳደር ሰጠው። ሕዝቡ ያን ዘመን አልረሳውም። ስለዚህ በ1689 ዓ.ም. በወጣው የመብት ሕግ ንጉሡ ያለ ፓርላማ ፈቃድ በሰላም ጊዜ ቋሚ ሠራዊት እንዳያቆም ተከለከለ። ወታደሩ የሚቀጣበትና የሚተዳደርበት ሕግም በየዓመቱ በፓርላማ የሚታደስ ሆነ። እንግዲህ ወታደሩ የሚምለው በንጉሡ ስም ሲሆን፥ ደመወዙና ሕጉ የሚመጡት ግን ከሕዝቡ እንደራሴዎች እጅ ነበር።

ይህ ሥርዐት አገሩን ከጦር አለቆች ግዛት ቢያድነውም ለወታደሩ ክብርን አላመጣለትም። በቀይ ልብሱ የታወቀው የጥንቱ የእንግሊዝ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያጣ ድኻ፥ ከዕዳ ወይም ከወኅኒ የሸሸ ሰው ነበር። ጥፋቱ በጅራፍ ይቀጣል፤ ደመወዙ ጥቂት፥ የአገልግሎቱም ዘመን ረዥም ነበር። የመኰንንነት ማዕርግ ደግሞ በእግረኛውና በፈረሰኛው ጦር ዘንድ በገንዘብ ይገዛ ነበር። ይህ ለሚሰማው የሚያስደንቅ ቢሆንም እነርሱ ምክንያት ነበራቸው፤ ርስትና ሀብት ያለው ሰው የሚያጣው ነገር ስላለው መንግሥት አይገለብጥም ይሉ ነበር። ናፖሌዎንን በ1815 ዓ.ም. በዋተርሉ ድል ያደረገው ዌሊንግተን ራሱ ተራ ወታደሮቹን በንቀት ቃል የሰደበበት ጊዜ አለ። ሆኖም ያን ሁሉ ድል ያገኘው በእነዚያው በተናቁት ሰዎች ጽናት ነው።

የዚህ የተናቀ ወታደር ጽናት ከሁሉ ይልቅ የታየው በጦር ሜዳ ሳይሆን በባሕር ላይ ነው። በ1852 ዓ.ም. በየካቲት ወር በርከንሄድ የተባለው የጦር ሠራዊት መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ሲሄድ ሌሊት ከተሰወረ ዐለት ጋር ተጋጨ። በመርከቡ ላይ 640 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ገና አዲስ ምልምል ወጣቶች ነበሩ። ለመውረድ የተቻሉት ጀልባዎች ጥቂት ስለ ሆኑ ሴቶችና ሕፃናት በአንዱ እንዲሳፈሩ ተደረገ። መርከቡ ሊሰበር ሲል የመርከቡ አዛዥ ዋና የሚችል ሁሉ ወደ ጀልባዎቹ እንዲዋኝ ቢናገርም፥ የወታደሮቹ አለቃ ኮሎኔል ሴተን ይህ ከተደረገ ሴቶቹ ያሉበት ጀልባ ይሰጥማል ብሎ ወታደሮቹ በቦታቸው ጸንተው እንዲቆሙ ለመነ። እነርሱም በሰልፋቸው ቆሙ፤ ከጥቂቶቹም በቀር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹና ሕፃናቱ ሁሉ ዳኑ፤ ከመርከቡ ሰዎች ግን በሕይወት የተገኙት 193 ያህል ብቻ ነበሩ። ሴተንም ከሞቱት አንዱ ነው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምት 1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት በባላክላቫ ሜዳ ይህ ታዛዥነት በሌላ መልኩ ታየ። 670 ያህል ፈረሰኞች በአለቆች አለመግባባት ምክንያት ወደማይገባው ሸለቆ እንዲጋልቡ ታዘዙ፤ በፊታቸውም በቀኝና በግራቸውም የመስኮብ መድፍ ነበር። ትእዛዙ ስሕተት መሆኑን ብዙዎቹ ሳያውቁት አልቀሩም፤ ነገር ግን ጋለቡ። በበርከንሄድ የታየው መታዘዝ ሕፃናትን አዳነ፤ በባላክላቫ የታየው መታዘዝ ግን ሰውንና ፈረስን በከንቱ አስፈጀ። የሁለቱ ወታደሮች ልብ አንድ ሲሆን ፍሬው የተለያየው በአዛዦቹ ምክንያት ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ መታዘዝ ብቻውን ምግባር ሊባል እንደማይችልና፥ የታዛዡ ጽናት በበዛ መጠን የአዛዡ ዕዳ እንደሚከብድ ነው።

እዚህ ላይ የእንግሊዞች ሌላው ጠባይ ይገለጻል። ራስል የተባለው የታይምስ ጋዜጣ ወኪል በጦሩ ሰፈር ተቀምጦ የወታደሩን ረኀብ፥ ብርድና በሽታ፥ የአለቆቹንም ቸልተኝነት እየጻፈ ሰደደ። ሕዝቡ አንብቦ ተቈጣ፤ ፓርላማው ነገሩ እንዲመረመር ስለ ወሰነ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የሎርድ አበርዲን መንግሥት ወደቀ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በኡስኩዳር ሆስፒታል የቈሰሉትን እያስታመመች፥ ቍጥር እየመዘገበች ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው መግደሉን አሳየች። በ1856 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ በስምዋ የሚጠራውን የጀግንነት መስቀል አቆመች፤ ይህም ኒሻን ማዕርግን ሳይመርጥ ለጄኔራልም ለተራ ወታደርም በአንድ መመዘኛ የሚሰጥ ነው። ከዚያ በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ካርድዌል የአገልግሎቱን ዘመን አሳጠረ፤ በ1871 ዓ.ም.ም ማዕርግን በገንዘብ መግዛት ቀረ። ጅራፍም አስቀድሞ በሰላም ጊዜ፥ በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ተከለከለ። ይህ ሁሉ ማረሚያ የመጣው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

የዚሁ ሠራዊት ሥነ ሥርዐት ለኢትዮጵያ የታየው በ1868 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል ናፒየር አብዛኛዎቹ ሕንዶች የሆኑ 13,000 ያህል ወታደሮችን፥ 44 ዝሆኖችንም ይዞ በዙላ በኩል ወጣ። በመንገዱ ላይ ለሚገዛው እህልና ገለባ በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍል ነበር። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጠየቁት ጊዜ፥ እርሱ ሰይፋቸውን እንዲጥሉ አላዘዛቸውም፤ ማንንም እንዳይቀሙና በደመወዛቸው እንዲበቃቸው ብቻ አስተማራቸው። ከዙላ እስከ መቅደላ ግርጌ ድረስ የናፒየር ጦር ይህን ትምህርት የጠበቀ ይመስል ነበር።

በአምባው ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። በትንሣኤ ማግስት ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፥ ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበሩ፤ ታቦት፥ አክሊል፥ ጽዋ፥ የብራና መጻሕፍትም ተወሰዱ። ከዚያም አምባው ተቃጠለ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የዘረፋው ሥርዐት ነው። የተዘረፈው ዕቃ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ፤ 5,000 ፓውንድ ያህል የሆነው ዋጋም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ቤተ መዘክር የተላከው ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። በመንገድ ላይ ለአንድ እስር ገለባ ዋጋ የከፈለ ጦር የቤተ መቅደሱን ንዋየ ቅድሳት ያለ ዋጋ ወሰደ። በሰልፍ የሚሠራ ኀጢአት በሰልፍ በመሠራቱ ጽድቅ አይሆንም፤ እንዲያውም ሒሳቡ በመዝገብ ስለሚጻፍ ሠሪውን ለዘለዓለም ሲመሰክርበት ይኖራል።

የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያም ወታደር እንዲሆን በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ነገር ግን በ1879 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ዐርፎ በዊንድሶር ተቀበረ። ከእንግሊዞች መካከል የመቅደላው ነገር ያሳዘነው ሰው አልጠፋም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በ1871 ዓ.ም. በፓርላማ ፊት ያ ንዋይ መወሰዱ እንዳሳዘነው ተናገረ። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ዓ.ም. በላኩት ደብዳቤ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው በጠየቁ ጊዜ፥ ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። ሥዕሉን በቤቱ ይዞት የነበረው ያው ሆምስ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

የእንግሊዞች የወታደርነት ጠባይ ወደ ከባዱ ፈተና የደረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 ዓ.ም. ሌሎቹ ታላላቅ መንግሥታት የግዴታ ውትድርና ሲኖራቸው እንግሊዝ አልነበራትም፤ የጦር ሚኒስትሩ ኪችነር ወዶ ዘማች ጠራ። እስከ 1916 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ 2,500,000 ያህል ሰዎች በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። አብረው የተማሩ፥ በአንድ ፋብሪካ የሠሩ፥ በአንድ መንደር ያደጉ ጐልማሶች በአንድ ሻለቃ ጦር እንዲዘምቱ ተፈቀደላቸው። ይህ ልብን የሚያበረታታ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በሐምሌ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. በሶም ወንዝ አጠገብ በመትረየስ ፊት በአንድ ቀን 57,470 የእንግሊዝ ወታደሮች ሲሞቱና ሲቈስሉ፥ ከእነዚህም የሞቱት 19,240 ሲሆኑ፥ አብሮ የወጣው አብሮ ወደቀ። ከትንሽዋ ከአክሪንግተን ከተማና ከአካባቢዋ ተሰብስበው በዚያ ቀን ከተዋጉት 700 ያህል ሰዎች ከ580 የሚበልጡት ሞቱ ወይም ቈሰሉ፤ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች በአንድ ሳምንት መርዶ ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት በጥር የግዴታ ውትድርና ሕግ ወጣ። በዚያ ጭንቅ ጊዜ የወጣው ሕግ ግን ሕሊናው ሰውን መግደል ለማይፈቅድለት ሰው ጉዳዩን በፍርድ ሸንጎ እንዲያሰማ በር ተወለት። 16,000 ያህል ሰዎች በዚህ በር ገቡ። በሩ ግን ጠባብ ነበር፤ ብዙዎች ተዘበቱባቸው፥ ታሰሩም፤ ወደ ፈረንሳይ የተወሰዱ 35 ሰዎችም ትእዛዝ አንቀበልም በማለታቸው ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ አሥር ዓመት እስራት ተለወጠላቸው። በሌላ ወገን በዚያ ጦርነት 346 ወታደሮች በጦር ፍርድ ቤት ውሳኔ በገዛ ወገናቸው ጥይት ተገደሉ፤ የሚበዙትም ከጦር ሜዳ ሸሹ ተብለው ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ የመድፍ ነጐድጓድ አእምሮአቸውን ያናወጠው ድኩማን እንደ ነበሩ ኋላ ታወቀ፤ ለ306ቱም በ2006 ዓ.ም. ምሕረት ተሰጠ። ምሕረቱ ዘጠና ዓመት ዘግይቶ ሲደርስ እናቶቻቸው በኀፍረት አንገታቸውን ደፍተው ኖረው ዐልፈው ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኅዳር 11 ቀን 1920 ዓ.ም. ስሙ የማይታወቅ የአንድ ወታደር ዐፅም ከፈረንሳይ መጥቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በነገሥታት መካከል ተቀበረ። የጥንቱ ወታደር በጅራፍ ይገረፍ የነበረበትን አገር የሚያውቅ ሰው ይህን ለውጥ ሲያይ ይደነቃል። በ1941 ዓ.ም.ም የእንግሊዝ መኰንኖችና ወታደሮች ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር ሆነው ጠላትን ወጉ፤ አባቶቻቸው በ1868 ዓ.ም. መቅደላን ያቃጠሉት ልጆች የአባቶቻችንን ዙፋን ለመመለስ አብረው ደማቸውን አፈሰሱ። በሰላም ጊዜም የቀጠለው የግዴታ አገልግሎት ምልመላው በ1960 ዓ.ም. ቆሞ የመጨረሻዎቹ በ1963 ዓ.ም. ሲሰናበቱ፥ አገሩ ወደ ቀድሞው ወደ ፈቃድ ውትድርና ተመለሰ።

እንግዲህ የእንግሊዝ ወታደር ጠባይ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ሰልፉና ታዛዥነቱ ነው፤ ይህን ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል፥ ማንም መንግሥት በልምምድ ሊያገኘው ይችላል። ወርቁ ግን ከወታደሩ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ ይፈለጋል፤ ይኸውም አዛዡን የመጠየቅ፥ ስሕተትን የመመርመርና የማረም ልማድ ነው። ይህ ልማድ በጊዜው በተገኘ ቍጥር ሰው አዳነ፤ በዘገየ ቍጥር ግን ከመቃብር በኋላ የሚደርስ ምሕረት ሆነ። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት በሎንዶን ቤተ መዘክር ማንም በማያያቸው ስፍራ ተዘግቶባቸው መኖራቸው ደግሞ የሕሊናው ሥራ ገና እንዳልተፈጸመ ይመሰክራል። በበርከንሄድ ላይ ወታደሩ ለሌላው ሕይወት ሲል የራሱን ጀልባ ተወ፤ ሕዝቡም ያልገዛውን ንዋየ ቅድሳት ለባለቤቱ ቢተው ከዚያ ወታደር ጋር ጠባዩ አንድ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል።