71 ለ 29

በ1964 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዴሞክራቶች በአሜሪካ ሴኔት 67 መቀመጫ ነበራቸው። ማለቂያ ያጣ ክርክርን በድምፅ ለመዝጋት የሚያስፈልገውም ልክ 67 ድምፅ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሊንደን ጆንሰንም ዴሞክራት ናቸው። እንዲህ ሲታይ ለጥቁሮች እኩልነት የቀረበው የሲቪል መብቶች ሕግ አንድም ሪፐብሊካን ሳይለመን የሚያልፍ ይመስላል። ነገር ግን ሕጉን ለመቅበር የማሉት ሰዎችም ዴሞክራቶች ነበሩ። ሕጉን ያዳኑት ሰፊ መንግሥት የማይወዱ፣ ለውጥን በጥርጣሬ የሚያዩ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካኖች ናቸው። ይህ ታሪክ በአሜሪካም ሆነ በእኛ ዘንድ ተገቢውን ቦታ ያገኘ አይመስለኝም።

ደቡቡ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የአንድ ፓርቲ ርስት ሆኖ ኖሯል። ጥቁሩ ድምፅ እንዳይሰጥ በተከለከለበት አውራጃ የተመረጠ ዴሞክራት ብርቱ ተፎካካሪ ስለማይገጥመው እስኪያረጅ ይመረጣል። የኮሚቴ ሊቀመንበርነት የሚገኘው ደግሞ በቆይታ ዘመን ነበር። ስለዚህ የመምረጥ መብት መነፈጉ ራሱ መብቱን የነፈጉትን ሰዎች የምክር ቤቱ በር ጠባቂ አደረጋቸው። የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ የሴኔቱን የፍትሕ ኮሚቴ ያዙ። ቀድሞ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ዳኛ የነበሩት የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ ደግሞ ማንኛውም ረቂቅ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት የሚያልፍበትን የደንብ ኮሚቴ ይመሩ ነበር። ስሚዝ ያልወደዱት ረቂቅ ሲመጣ ወደ እርሻቸው ይሄዱና ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ይቀራል።

ከጆንሰን በፊት ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ኬኔዲ ረቂቁን ለሕዝብ ያስታወቁት ጁን 11 ቀን 1963 በቴሌቪዥን ነበር። ከአንድ ወር በፊት በበርሚንግሃም አላባማ ፖሊስ ሰልፈኛ ልጆች ላይ ውሻ ሲለቅና የእሳት አደጋ ውሃ ሲረጭ ዓለም አይቷል። ረቂቁ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በሲኒማ ቤት ሰውን በዘሩ መመለስን ይከለክላል፤ በሥራ ቅጥር የሚፈጸም አድልዎን የሚያግደው ክፍል ደግሞ በኋላ በተወካዮች ምክር ቤት ተጨመረበት። ጉዳዩ የአገር ውስጥ ብቻ አልነበረም። በ1961 የቻድ አምባሳደር ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ ሜሪላንድ ውስጥ በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ገብተው ቡና ቢጠይቁ ተከልክለዋል። አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ዲፕሎማቶች በዚያ መንገድ ላይ ተመሳሳይ ውርደት ደርሶባቸዋል።

ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ተገደሉ፤ ፕሬዚዳንትነቱም ለጆንሰን ተላለፈ። ረቂቁን በተወካዮች ምክር ቤት በኩል ያሻገሩት ዊልያም ማኩሎክ የሚባሉ የኦሃዮ ሪፐብሊካን ናቸው። ማኩሎክ የመንግሥት ወጪ ሲበዛ የሚያማቸው፣ ለራሳቸው ቢሮ የተመደበውን ገንዘብ እንኳ ቆጥበው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። የወከሉት አውራጃ የጥቁር መራጭ እምብዛም ስለሌለበት ከዚህ ሕግ የሚያተርፉት ድምፅ አልነበረም። ለመንግሥት ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ከባድ ነበር። በ1957ቱ የሲቪል መብት ሕግ ላይ እንደሆነው ይህም ሕግ ሴኔት ደርሶ ጥርሱ እንዳይረግፍ ቃል ይገባላቸው አሉ፤ ተገባላቸውም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1964 ረቂቁ 290 ለ130 ሲያልፍ 138 ሪፐብሊካኖች ደገፉት፤ 96 ዴሞክራቶች ተቃወሙት።

ሴኔት ግን ሌላ አገር ነው። የአብላጫው መሪ ማይክ ማንስፊልድ ረቂቁ በኢስትላንድ ኮሚቴ እንዳይቀበር ብለው በቀጥታ ወደ ጉባኤው ወሰዱት። በዚያ የጠበቃቸው በጆርጂያው ሪቻርድ ራስል የሚመራ የደቡብ ጭፍራ ነበር፦ 18 ዴሞክራቶችና የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ጆን ታወር። በሴኔቱ ደንብ የመናገር ተራ ያገኘ አባል ክርክሩ በድምፅ ካልተዘጋ ወይም ድካም ካልጣለው በቀር የሚያስቆመው የለም። የደቡብ ካሮላይናው ስትሮም ተርሞንድ በ1957 ብቻቸውን ከ24 ሰዓት በላይ ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች ተራ ገብተው ሲናገሩ ሳምንታት አለፉ፤ ማርች ወጥቶ ኤፕሪል ገባ፣ ሜይም እንዲሁ። እስከዚያ ዘመን ሴኔት የሲቪል መብት ክርክርን በድምፅ ዘግቶ አያውቅም።

አሁን ሁሉም ወደ ኤቨረት ዲርክሰን ዞረ። ዲርክሰን የኢሊኖይ ሰው፣ የጀርመን ስደተኞች ልጅ፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ የአናሳው የሪፐብሊካን ወገን መሪ ነበሩ። ጆንሰን የረቂቁን አስተባባሪ ሁበርት ሃምፍሬይን ዲርክሰን ዘንድ ይሂድ፣ አብሮ ይጠጣ፣ ክብሩንም ለእሳቸው ይተው ሲሉ መክረዋል። የዲርክሰን ጥርጣሬ የማስመሰል አልነበረም። የዋሽንግተን ሹም የየነጋዴውን በር ማንኳኳቱን አይወዱም። ኢሊኖይ በ1961 የራሷን የቅጥር እኩልነት ሕግ አውጥታ ስለነበር፣ ክልሉ የጀመረውን ፌዴራሉ ለምን ይነጥቃል ይሉ ነበር።

ዲርክሰንና የረቂቁ ደጋፊዎች በዲርክሰን ቢሮ ለሳምንታት አንቀጽ በአንቀጽ ተደራደሩ። የደረሱበት መፍትሔ ይህ ነው፦ ክልሉ አድልዎን የሚያይ የራሱ አካል ካለው አቤቱታው መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሚከሰው ተደጋጋሚና ልማድ የሆነ አድልዎ ሲያገኝ ይሁን፤ አዲሱ የሥራ እኩልነት ኮሚሽን ራሱ ከሳሽ አይሁን። የመብት ታጋዮች ይህን በስጋት አዩት፤ እውነትም የኮሚሽኑ መዳከም ብዙ ሠራተኛ ጎድቷል። የመክሰስ ሥልጣን ያገኘው በ1972 ነው። ነገር ግን የምግብ ቤቱ በር፣ የሆቴሉ አልጋ፣ የቅጥሩ ክልከላ ሳይነኩ ቀሩ። ለማኩሎክ የተገባው ቃል አልታጠፈም።

በዚህ መካከል አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት ሥራ ሊረሳ አይገባም። በብዙ የመካከለኛው ምዕራብ ክልሎች የጥቁር መራጭ ጥቂት ነበር፤ ሴናተሮቹን የሚያስገድድ የድምፅ ስሌት አልነበረም። ያስገደዷቸው ቀሳውስትና ምእመናን ናቸው፤ ደብዳቤ በከረጢት አፈሰሱባቸው። የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሊንከን ሐውልት ሥር ሌትና ቀን እየተፈራረቁ ጸለዩ። ራስል ራሳቸው የተሸነፉት በሃይማኖት መሪዎች ግፊት መሆኑን በምሬት ይናገሩ ነበር።

ጁን 10 ቀን የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ ከ14 ሰዓት በላይ ተናግረው ሲጨርሱ ክርክሩን ለመዝጋት ስም ጥሪ ተጀመረ። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ምክንያት ልሳናቸው ተዘግቶ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ነበር። ስማቸው ሲጠራ እጃቸውን በጭንቅ አንስተው ዓይናቸውን አመለከቱ፤ ድጋፍ ተብሎ ተመዘገበላቸው። ከሁለት ወር ያህል በኋላ አረፉ። ውጤቱ 71 ለ29 ሆነ፤ 44 ዴሞክራቶችና 27 ሪፐብሊካኖች በአንድ ወገን። ክርክሩ ከተዘጋ በኋላ ሕጉ አለፈ፤ ጆንሰን የፈረሙት ጁላይ 2 ነው።

ከተቃወሙት ስድስት ሪፐብሊካኖች አንዱ የአሪዞናው ባሪ ጎልድዋተር ነበሩ። ጎልድዋተርን በዘር ጥላቻ መክሰስ ስህተት ነው። በክልላቸው የአየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር አግዘዋል፤ የ1957ቱንና የ1960ውን የሲቪል መብት ሕጎችም ደግፈዋል። የተቃወሙት ሁለቱን ክፍሎች፣ ስለ ንግድ ቤትና ስለ ቅጥር የሚናገሩትን፣ ከሕገ መንግሥቱ ውጭ ናቸው ብለው ነው። እኔ ግን ይህን ክርክር አልቀበለውም። የባለ ሱቁ ነፃነት ይከበር የሚሉት ሰዎች ደቡብ ውስጥ ያ ነፃነት እንዳልነበረ ዘንግተዋል። በበርሚንግሃም የከተማው ደንብ ነጭና ጥቁር በአንድ ምግብ ቤት እንዲስተናገዱ የሚፈቅደው መካከላቸው ሰባት ጫማ ከፍታ ያለው ግድግዳ ሲኖርና መግቢያቸው ሲለይ ነበር። መንግሥት ቀድሞውኑ በሱቁ ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ የቆመውም ከአጥቂው ጋር ነው።

ከጁኑ ድምፅ ከአንድ ወር በኋላ ፓርቲው ጎልድዋተርን ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አደረገ። በኖቬምበር ያሸነፉት ስድስት ክልል ብቻ ነው፦ አሪዞናንና አምስት የደቡብ ክልሎችን። አብዛኞቹ ጥቁሮች መምረጥ በተከለከሉባት ሚሲሲፒ 87 በመቶ ድምፅ አገኙ። ተርሞንድ በዚያው መከር ፓርቲያቸውን ጥለው ወደ ሪፐብሊካኖች ገቡ። ከአምስት ወራት በፊት ከአምስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አራቱ ሕጉን ደግፈው የቆሙበት ፓርቲ በዚህ ምርጫ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። በእኔ አስተያየት የአሜሪካ ወግ አጥባቂነት ከባድ ኪሳራ የደረሰበት በሽንፈቱ ሳይሆን በእነዚያ አምስት ድሎች ነው፤ የማኩሎክንና የዲርክሰንን መንገድ ትርፍ የሌለው አስመስለውበታልና።

የለውጡ ማዕበል በ1965 ወደ ድምፅ መስጫ ሕጉ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበርም ወደ ስደተኞች ሕግ ደረሰ። በቀድሞው የኮታ ሥርዓት ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ያንን በትውልድ አገር የሚለይ ኮታ አስቀረ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወገኖቻችን በብዛት ሲሰደዱ ብዙዎቹ የሰፈሩት በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ ስሚዝ ዳኛ በነበሩባት አሌክሳንድሪያም ጭምር ነው። የ1964ቱ ሕግ በቅጥር አድልዎን የሚከለክለው በዘርና በቀለም ብቻ አይደለም፤ በትውልድ አገርም ነው። ዛሬ በዚያ ያለ ኢትዮጵያዊ በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ ቢገፋ አቤቱታውን ለሥራ እኩልነት ኮሚሽኑ የሚያስገባው በ180 ቀናት ውስጥ ነው፤ ጉዳዩን የሚያይ የክልል አካል ባለበት ቦታ ግን ጊዜው እስከ 300 ቀናት ይራዘማል። ለክልሉ አካል ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ አሠራር ዲርክሰን በ1964 ተከራክረው ያስገቡት ነው።