ከእንጦጦ የወረደው መናገሻ

ጎንደርን ከመሰሉት ጥቂቶች በቀር የቀደሙት ነገሥታት መናገሻ ድንኳን እንጂ ግንብ አልነበረምና፥ ማገዶው ሲያልቅ፥ ሣሩ ሲመለጥ፥ የባላገሩም ጎተራ ሲነጥፍ ሰፈር ነቅሎ መሄድ ለመኳንንቱም ለሠራዊቱም የለመዱት ሥርዓት ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ከጉለሌ በላይ በእንጦጦ ራስ ላይ የቆረቆሩት ከተማም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ስፍራው ጠላትን ከሩቅ ለማየት የተመቸ ቢሆንም፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ ቁሩና ነፋሱ አያስቀምጥም፤ ደኑ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ፤ ለግብር የሚሆነው እህልም ያን ሁሉ ዳገት በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ መውጣት ነበረበት።

በ1879 ዓ.ም.፥ ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ዓመት፥ ኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ መኳንንቱም እየተከታተሉ ወረዱ። ነገር ግን ፍልሰቱ በአንድ ቀን አዋጅ የተፈጸመ አይደለም፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአቡነ ማቴዎስ እጅ ቅብዐ መንግሥት የተቀቡት በታችኛው ከተማ ሳይሆን በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ወረደ፤ ታቦቱ ግን ከመንበሩ አልተነሣም፤ ርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያምና ደብረ ራጉኤል ዛሬም ይቀደስባቸዋል።

አዲስ አበባም ራሷ ለመለቀቅ ተቃርባ ነበር። ማገዶ ቢቸግር ንጉሠ ነገሥቱ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት አስጀምረው ሳለ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገና አሳቡ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ሁሉ ጸሐፊዎቻችን ደስ እያላቸው ይተርኩታል። ከዚህ በፊት የሆነውን ሌላውን መልቀቅ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ያውም ካነሡት ነው። የጉለሌ ኦሮሞዎች በዚህ ተዳፋት ከብት ያረቡ፥ እርሻ ያርሱ ነበር፤ መናገሻው ሲመጣ ብዙዎቹ ከርስታቸው ተገፉ፥ መሬቱም ለመኳንንትና ለአድባራት ተከፋፈለ። መኳንንቱ የለቀቁት ቁሩን ሸሽተው፥ የተሻለ ስፍራ አግኝተው ነው፤ እነዚያ የለቀቁት ግን ተገደው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ስለዚህ ከአያቶቹ የቀድሞውን የመንደርና የወንዝ ስም የሰማ የጉለሌ ሰው ቢኖር፥ ሳይውል ሳያድር እንዲጽፈው እለምናለሁ።