ቀበርቾና የአንዋር መስጊድ ሰፈር

በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር፣ ቤትን ከቡዳና ከክፉ መንፈስ የመጠበቁ ልማድም ከነጋዴው ጋር አብሮ ገባ። ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ባለው ሰፈር ክርስቲያኑ የግዕዝ፣ ሙስሊሙ የዐረብኛ ክታብ ቢይዝም፣ ቀበርቾን ግን ሁለቱም ከዚያው ከመርካቶ ይሸምታሉ። ሥሩ ፍም ላይ ተጥሎ ቤቱ ይታጠናል፤ በተለይም አራስ ያለችበት። ጭሱ ቡዳንም እባብንም ያባርራል ይባላል። የወባ ትንኝን እንደሚያርቅ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ቡዳውን ግን የለካው የለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቀበርቾ የኢትዮጵያ ብቻ ተክል ነው። ዕጣን ከዛፉ ተለቅሞ ዛፉ ይቀራል፤ ቀበርቾ ግን ከነሥሩ ተቆፍሮ ይነቀላል፣ በጆንያም ታጭቆ ወደ ገበያ ይጋዛል።