«ሥራህ ምንድን ነው?» ዘግይቶ የመጣው ጥያቄ



ከጀመዓችን አንድ ወጣት ወንድም ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ እያጠረው ይቸገር ነበር። ሱብሒ ላይ ሳሉ መላው ሰፍ ይሰማል። የመስጂዱ ምንጣፍ አቧራ ይዞ ይሆናል አልንና አራገፍነው። ዐይን ይሆናል ያለም ነበር፤ ሩቅያ ቀራንለት። በመቅራታችን አንቆጭም። የሚቆጨን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቀው ወራት ማለፋቸው ነው። ልጁ ጋራዥ ውስጥ መኪና ላይ ቀለም የሚረጭ ሠራተኛ ነው። ለዒድ ጥቂት ቀናት ሲያርፍ ሳሉ ይተወዋል፤ ሥራ ሲገባ አብሮት ይመለሳል።

ወደ ውስጥ የምንስበው ነገር እንደሚያሳምም የቀደሙት ያውቁ ነበር። አቡ በክር አል-ራዚ፣ ዓሊሙ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ጽጌረዳ በሚያብብበት ወቅት ሲያሸት አፍንጫው ለምን እንደሚታመም የሚያስረዳ አጭር ሪሳላ ጽፎ ነበር። አል-በልኺ ግን ጽጌረዳውን ትቶ መሄድ ይችላል። እንጀራው እዚያው የሆነ ሰውስ?

ይህን የጠየቀው በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል የጣሊያን ሐኪም ነው። በሞዴና ከተማ ቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲጠረግ ሠራተኛው እጅግ እየተጣደፈ መሆኑን አየና ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ሰውዬው፣ እዚያ ውስጥ ብዙ የቆየ ዐይኑ እንደሚጠፋ ነገረው። ራማዚኒ ዐይኖቹን ሲያይ ቀልተው ደክመዋል። ከዚያ በኋላ እየዞረ የሠራተኞችን በሽታ አጠና፤ እ.ኤ.አ በ1700 መጽሐፉን አወጣ። ዱቄት የሚተነፍሱ ወፍጮ ቤተኞችና ጋጋሪዎች፣ የተልባ እግር ጭረት የሚያበጥሩ፣ ሜርኩሪ የሚነኩ ሁሉ አሉበት። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የበለጠብን ግን ለሐኪሞች የሰጠው ምክር ነው። ከአቡቅራጥ ጀምሮ ለበሽተኛ በሚቀርቡት ጥያቄዎች ላይ አንድ ጨመረ፦ ሥራህ ምንድን ነው?

ሳንባ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ በ1775 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ገለጸ። ትንንሽ ልጆች ጠባቡ ጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ጥላሸት ይፍቁ ነበር። ጥላሸቱ ብልታቸው አካባቢ ባለው የቆዳ እጥፋት ይቀራል፤ ካንሰሩ የሚወጣው ካደጉ በኋላ ነው። ሄንሪ በትሊን የተባለ ሌላ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1892 በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ያሉ ጠራጊዎች በሽታው ለምን እንደማይበዛባቸው መረመረ። መልሱ ገላን በደንብ የሚሸፍን ልብስና በየቀኑ መታጠብ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት እንኳ አይደለም፤ ውሃና ጨርቅ ነው!

ወደ ወንድማችን እንመለስ። እ.ኤ.አ በ1937 በጀርመን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ፖሊዩሬቴንን ሠሩ። ፍራሽ፣ የጫማ ሶል፣ ቫርኒሽ፣ የመኪና ቀለም ከዚያ መጣ። ዋናው ንጥረ ነገር አይሶሳያኔት ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ ቀለሙ ላይ የሚጨመረው ሃርድነር ውስጥ ያለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ በ1984 በሕንድ ቦፓል ሌሊት አምልጦ ሺዎችን የፈጀው ጋዝ የዚሁ ቤተሰብ ነው። በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አስም ማምጣቱ ደግሞ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተጽፏል።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ሰውነት ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ያንን ነገር እንደ ጠላት ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ በጣም ትንሹም ይበቃዋል፤ ደረት ይጨንቃል፣ ሲር ሲር ይላል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሥራ ሰዓታት በኋላ ማታ ስለሆነ ሰው ከሥራው ጋር አያገናኘውም። ቆዳ ላይ የሚፈሰው ሃርድነርም ለዚህ መንገድ ሊከፍት እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። በእጁ በጥብጦ ሲጨርስ በቲነር የሚታጠብ ደግሞ የቆዳውን ቅባት አንስቶ በሩን የበለጠ ይከፍተዋል።

ሽታ ካልመጣ ሰላም ነው ማለት አይቻልም፤ አፍንጫ ሳያውቀው የሚጎዳ መጠን አለ። ፊት ላይ የሚታሰር ሻሽ ወይም የጨርቅ ማስክ እንፋሎቱን አያቆምም። ለርጭት የሚያስፈልገው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክና አየር የሚስብ የተለየ ክፍል ነው። ወተት ያጥበዋል የሚሉ አሉ፤ ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ሳንባን አያጥብም። አሠሪ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ሳይጠይቃችሁ ሥራችሁን ንገሩት፤ ሳሉ በዕረፍት ቀን መቅለሉንም አትርሱ።

ወንድማችን ቀለሙን ትቶ አሁን መለዋወጫ ሱቅ ይሠራል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሌሊት ይተኛል። ወደ መስጂድ የሚመጣው ግን በላይኛው መንገድ ዞሮ ነው። በታችኛው በኩል ጋራዥ አለ፤ ርጭት ባለ ቀን በደጃፉ ካለፈ ደረቱ ይይዘዋል።