የሶፍትዌር ፈቃድ ቁልፍ ማረጋገጫ

የሶፍትዌር ፈቃድ ቁልፍ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ መገኘቱን ለማረጋገጥ በሚጫንበት ጊዜ የሚጠየቅ የፊደላትና የአሃዞች ቅደም ተከተል ነው። የቁልፉ እውነተኛነት በዋናነት በሦስት መንገድ ይጣራል፦ በቅርጹ፣ በዲጂታል ፊርማው እና በአምራቹ መዝገብ። ፕሮግራሙ ቁልፉን መቀበሉ ብቻውን ተጠቃሚው ፈቃድ እንዳለው አያረጋግጥም።

የቅርጽ ፍተሻ

ቀላሉ ፍተሻ በሒሳብ ደንብ የሚሠራ ነው። ለምሳሌ የዊንዶውስ 95 የችርቻሮ ቁልፍ 3 አሃዞች፣ ሰረዝ እና 7 አሃዞች ነበሩት። የኋለኞቹ 7 አሃዞች ድምር ያለ ቀሪ ለ7 መካፈል ነበረበት። ስለዚህ 111-1111111 የሚለው ቁጥር ማንም ሳይሸጠው ተቀባይነት ያገኝ ነበር። ደንቡን የሚያውቅ ሰው ቁልፍ መፍጠር ስለሚችል ይህ ፍተሻ የአጻጻፍ ስህተትን ከመለየት ብዙም አያልፍም።

በኋላ የመጡት የዊንዶውስ ቁልፎች በአምስት አምስት የተከፈሉ 25 ምልክቶች አሏቸው። እንዳያምታቱ ሲባል 0፣ 1 እና 5 እንዲሁም አምስቱ የላቲን አናባቢዎች አይገቡባቸውም። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ቁልፍ ወይ በስህተት የተጻፈ ወይ የሐሰት ነው።

ዲጂታል ፊርማ

እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ (እ.ኤ.አ. 2001) ባሉ ሥርዓቶች በቁልፉ ውስጥ ዲጂታል ፊርማ ይገኛል። አምራቹ በምስጢር በያዘው ቁልፍ ይፈርማል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ፊርማውን በይፋዊ ቁልፍ ያጣራል። ይህ ቁልፍን በግምት መፍጠርን ከባድ ቢያደርገውም አንድን እውነተኛ ቁልፍ ለብዙ ሰው ማደልን አይከለክልም።

አክቲቬሽን

አክቲቬሽን ወይም ማግበር ይህን ክፍተት ለመዝጋት የመጣ ነው። ቁልፉ ከኮምፒውተሩ የሃርድዌር መለያ ጋር ወደ አምራቹ ይላክና ከዚህ በፊት በስንት ማሽን እንደተመዘገበ ይታያል። ኢንተርኔት ለሌላቸው ለብዙ ዓመታት በስልክም ይሠራ ነበር።

ብዙ ኮምፒውተሮች ላሏቸው ተቋማት ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለ። የተቋሙ ሰርቨር የራሱን ኮምፒውተሮች ያነቃል፤ ፈቃዱም ለ180 ቀናት ቆይቶ መታደስ አለበት። በብዛት የሚታወቀው የዊንዶውስ ክራክ ይህንን ሰርቨር በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ የሚሠራ ነው። ለመሥራት ኢንተርኔት ስለማይፈልግ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ ጸረ ቫይረስ እንዲጠፋ ስለሚጠይቅ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ኬኤምኤስፒኮ በሚል ስም በተሰራጨ የሐሰት ጫኝ ውስጥ ክሪፕትቦት የተባለ መረጃ ሰራቂ ማግኘቱን ገልጿል።

በተግባር ማጣራት

ከጭፍራ ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተማሪ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ፎርማት አስደረገ እንበል። በሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ከፍቶ ማየት ይችላል። ዊንዶውሱ በዲጂታል ላይሰንስ ነቅቷል ከተባለ ማሽኑ በአምራቹ መዝገብ ላይ አለ። በተቋም የአክቲቬሽን አገልግሎት ነቅቷል የሚል ከሆነ ግን፣ ላፕቶፑ የግል ሆኖ ሳለ ይህ መታየቱ ክራክ ለመጫኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚመጡ ላፕቶፖች ቁልፉን በማዘርቦርዳቸው ላይ ይይዛሉ። ተመሳሳዩ እትም እንደገና ሲጫን ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያነቃል። ላፕቶፑ የሆም እትም ቁልፍ ይዞ ፕሮ ከተጫነበት ግን ቁልፉ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ባለቤቱ ቀድሞ የተከፈለበት ፈቃድ እያለው ክራክ ሊጫንለት ይችላል። ስለዚህ ፎርማት ከማስደረግ በፊት እትሙን አይቶ መመዝገብና ያንኑ ማስጫን ይመከራል።

በኢትዮጵያ ሕግ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። አንድን ሥራ ለግል ጥቅም በአንድ ቅጂ ማባዛት በአዋጁ የተፈቀደ ቢሆንም ይህ ፈቃድ የኮምፒውተር ፕሮግራምን አይጨምርም። ሆኖም ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ መያዝ ይችላል። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ተቋሙ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 320/1995 በጽሕፈት ቤትነት የተቋቋመ ነው።

ቁልፍ የማይጠይቁ አማራጮች

እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ሥርዓቶችና ሊብሬኦፊስ በነፃ ፈቃድ ስለሚሰራጩ ቁልፍ አያስፈልጋቸውም። ሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታም አለው። ለእነዚህ ፕሮግራሞች የሚጣራው ፋይሉ ከአዘጋጆቹ የወጣና ያልተነካ መሆኑ ነው። ይህም የወረደውን ፋይል የሀሽ ቁጥር አዘጋጆቹ በይፋ ካወጡት ጋር በማነጻጸር ይታወቃል።