ባቡር ያደረባት ከተማ፦ ስለ አዋሽ ሰባት ኪሎ ለልጆቻችን ምን እንንገራቸው?



ልጆቻችንን «ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ምን ታውቃላችሁ?» ስንላቸው ብዙውን ጊዜ አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን ይጠሩልናል። ደስ ይላል፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን አገር በሐውልትና በቤተ መንግሥት ብቻ አይቆምም። ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት፣ አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድባት ትንሽ ከተማም የራሷ ታሪክ አላት። ለዚህ ወር የመረጥንላችሁ እንደዚያ ያለች ከተማ ናት፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ። የድሬዳዋና የሐረር ልጆች የሆናችሁ በደንብ ታውቋታላችሁ። ሌሎቻችሁም በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት ይሆናል። እስቲ አሁን ወርደን እንያት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከልጆቻችሁ ጋር ስታነቡ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንዲደምሩ አድርጓቸው፤ ለሒሳቡም ጥሩ ልምምድ ነው።

ከተማዋ የት ናት?

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ ምሥራቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ አዋሽ ትደርሳላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የለበሳችሁትን ሹራብ አዳማ ላይ ታወልቁታላችሁ፤ አዋሽ ስትደርሱ ደግሞ ጥላ ፍለጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ከአዲስ አበባ ሲነጻጸር ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። ቆላ ናት፣ ሞቃት ናት፣ ዙሪያዋ ግራርና ቁጥቋጦ ነው።

ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ወንዝ ነው። ወንዙ እዚህ ቦታ ላይ ጥልቅ ገደል ቆፍሮ ያልፋል፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያየው ሰው ውሃው እንደ ቀጭን ክር ነው የሚታየው።

ስለ አዋሽ ወንዝ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዓባይ አገር አቋርጦ ሜድትራኒያን ባሕር ይገባል፤ አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሳል፣ ቆቃ ላይ ይገደባል፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፣ ከዚያ በአፋር ምድር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስሳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በመንገዱ ላይ ሀዳር አለች፤ በ1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ (ሉሲ) የተገኘችባት ቦታ ማለት ነው። ልጆቻችሁ ሉሲን በትምህርት ቤት ሰምተው ከሆነ «የሉሲ ወንዝ» ብላችሁ ብትጀምሩላቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ወንዙ ባሕር መድረስ ባይችልም፣ አጠገቡ ያለፈው ባቡር ግን ደረሰ። የከተማዋም ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ባቡሩ እንዴት መጣ?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣቱ ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። አያችሁ፣ አንድ የመሐንዲስ ውሳኔ ስንት ሰው የትውልድ ቦታዬ የሚላትን ከተማ ሠራ!

ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራውን ቀጠለ፤ በረሃውን አቋርጦ፣ በአዋሽ ገደል ላይ ድልድይ ዘርግቶ፣ ደጋውን ወጥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ በሕይወት አልነበሩም።

ባቡሩ ያመጣው ዕቃና ሰው ብቻ አይደለም፤ ቃላትም አመጣ። «ለገሃር» የምንለው የአዲስ አበባ ሰፈር በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ማለትም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። «ፉርጎ»ም ከዚያው ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ነው። «ሐዲድ» ደግሞ ዐረብኛ ነው፤ ብረት ማለት ነው። በዐረብ አገር የኖራችሁ ወላጆች ይኼንን ወዲያው ለይታችሁታል።

ባቡሩ ለምን አዋሽ አደረ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚሄደው ቀን ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ቀን ድሬዳዋ ያልቃል፤ እዚያ ይታደራል። ሁለተኛው ቀን አዋሽ ያልቃል፤ እዚያም ይታደራል። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል።

አዋሽን ከተማ ያደረጋት ያ ሌሊት ነው። ሰው ካደረ እራት ይፈልጋል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል። ገንዘብ ያለው ተጓዥ ጣቢያው አጠገብ ባለው «ቡፌ ዳዋሽ» በሚባለው ሆቴል ያድር ነበር። ሆቴሉን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩት ግሪኮች ናቸው። ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ የውጭ አገር እንግዳውም በዚያው መንገድ ነው የሚያልፉት፤ ሌላ መንገድ የለምና። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ባገኘበት ጥግ ያድራል። በጣቢያው ዙሪያ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ገበያ በቀለ። አፋሩ፣ ከረዩው፣ ኢቱው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው እዚያ ተገናኘ።

አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. አዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚጠፋ ለማወቅ ጉዞውን የጀመረው ከዚችው ጣቢያ ነው። ባቡር እስከዚህ ያደርሳል፤ ከዚህ በኋላ ግመልና እግር ነበር።

ጦርነትና ሐዘን

መንገድ ላይ ያለ ከተማ ጦርነት አይቀርለትም። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲያፈገፍግ እንግሊዞች እንዳይከተሉት በአዋሽ ላይ ያሉትን ድልድዮች አፈረሰ። ብዙ አላቆማቸውም፤ ወንዙን በመጋቢት ወር ተሻግረው በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ገቡ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ደግሞ ሐዲዱ ብዙ ቦታ ላይ ተመትቶ የባቡር አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን በሰላም መንገድ የመጣው ነው። በጥር 1977 ዓ.ም.፣ በገናና በጥምቀት መካከል፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አቅራቢያ ካለ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ተከሰከሱ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ውስጥ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው።

ይኼንን ለትንንሾቹ መንገር አያስፈልግ ይሆናል። ለትልልቆቹ ግን እንንገራቸው። ዘመኑ የድርቅ ዘመን ስለነበር የዓለም ዓይን ሁሉ ያረፈው በወሎና በትግራይ ረሀብ ላይ ነው፤ ይህ ሐዘን ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ምናልባት ከእናንተም መካከል በዚያ ቀን ዘመድ ያጣ ይኖራል። ልጅ «አያቴን ለምን አላወቅኋትም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ማን ያስተዳድራታል?

ልጆቻችን የሚኖሩበትን ከተማ፣ ካውንቲ ወይም ክፍለ ግዛት ያውቃሉ። የእኛን ግን ሲሰሙ ይደናገራሉ። አዋሽን ምሳሌ አድርገን ከታች ወደ ላይ እንቁጠርላቸው፦ ከታች ቀበሌ አለ። ከዚያ ወረዳ፤ ከተማዋ ያለችበት የአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ይባላል። ከወረዳው በላይ ዞን አለ፤ ይኼኛው የአፋር ክልል ዞን ሦስት ነው፣ ገቢ ረሱ ይባላል። ከዞኑ በላይ የአፋር ክልል፣ ከዚያ ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከአዋሽ በስተ ምዕራብ፣ መተሐራ ያለችበት ወረዳም ፈንታሌ ነው የሚባለው፤ እሱ ግን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ ተራራ ነው። ሰው ድንበር ቢያበጅም ተራራው የሁለቱም ጎረቤት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ አያቶቻችን «ክልል» አይሉም። «ጠቅላይ ግዛት»፣ «ክፍለ ሀገር»፣ «አውራጃ» ነው የሚሉት። አያትየው «ሐረርጌ» ሲሉ ልጁ ካርታው ላይ ፈልጎ ያጣዋል። የጠፋው ቦታው አይደለም፣ ስሙ ነው። ቀበሌ እንኳ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። ይኼንን ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

ምን ይታያል?

ከከተማዋ አጠገብ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ጸደቀ። ሳላ፣ አምበራይሌ፣ ከርከሮና ሰጎን ይታዩበታል፤ ወንዙ ውስጥ አዞ አለ። የአዋሽ ፏፏቴ በክረምት ጭቃማ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በሰሜን በኩል ዘንባባ የከበበው ፍልውሃ አለ። የፈንታሌ ተራራ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው፤ እሳተ ገሞራ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ፓርኩን ስናደንቅ ግን አንድ ነገር አንርሳ። ያ መሬት የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነበር። አውሬው እንዲጠበቅ ሲባል ከብቱ ተከለከለ፤ ጥያቄው እስካሁን አላለቀም። ልጆቻችን ስለ አካባቢ ጥበቃ በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ «አውሬውንም፣ አርብቶ አደሩንም እንዴት እንጠብቅ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸው ሊያስገርማችሁ ይችላል።

ምድሩም ዝም ብሎ አልተኛም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው የመሬት መንቀጥቀጥ ተደጋገመ፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ቦታው የታላቁ ስምጥ ሸለቆ አካል ስለሆነ ምድሩ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። ተራራውንና ፍልውሃውን የሰጠው ኃይል ቤት የሚያፈርሰውም እሱ ነው።

አዲሱ ባቡር

የድሮው ባቡር እያረጀ ሄዶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መሥራቱን አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ፍጥነቱም ከድሮው ጋር አይወዳደርም። አዋሽም ጣቢያ ተሰጥቷታል። ከዚህ ሌላ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልዲያ አቅጣጫ የሚሄድ የባቡር መስመር በቱርክ ኩባንያ ሲሠራ ቆይቷል። አስፋልቱም እዚሁ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ያልፋል።

ግን እስቲ አስቡት፤ አሁን ባቡር አዋሽ አያድርም። ከተማዋን የወለዳት መቆሙ ነበር፤ አሁን የሚፈለገው አለመቆሙ ነው። ስለዚህ የምትኖረው ምሳ ሊበላ በሚወርደው የከባድ መኪና ሹፌርና በአውቶቡስ መንገደኛ ነው። በዚሁ አቅጣጫ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ሥራ ፍለጋ የሚሄዱ ወጣቶችም ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ በእግራቸው። መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ባሕሩ የሚሄደው በዚህ በር ነው። እኛም ከአገር የወጣነው በአውሮፕላን ቢሆን እንኳ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ በዚህ ሐዲድ ነው የወጡት።

ለዚህ ነው ይህችን ከተማ ለልጆቻችን የመረጥንላቸው። ልጅ ስለ ነገሥታት ብቻ ከተማረ ታሪክ የሌላ ሰው ነገር ይመስለዋል። አያቱ አንድ ሌሊት ያደሩባት ከተማ እንዳለች ሲያውቅ ግን የራሱ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ

፩. ካርታ ዘርጉና የአዋሽን ወንዝ ከጊንጪ እስከ አቤ ሐይቅ በጣት ተከተሉት። ልጁ የቦታዎቹን ስም በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብ።

፪. አገር ቤት ላሉት አያት ወይም አጎት ደውሉና ልጁ ራሱ እንዲጠይቅ አድርጉ፦ «በባቡር ሄደው ያውቃሉ? የት አደሩ? ምን በሉ?» አንቱ ማለቱን እንዳይረሳ አስታውሱት።

፫. ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል የሚሉትን ቃላት ልጁ ከሚኖርበት አካባቢ አስተዳደር ጋር ያዛምድ።

፬. ለገሃር፣ ፉርጎ፣ ሐዲድ፣ ገደል፣ ድልድይ፣ ፍልውሃ፦ በእያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

ከዘመድ የሰማችሁትን የባቡር ታሪክ ልጆቻችሁ በአማርኛ ጽፈው ቅዳሜ ይዘው ይምጡ፤ ክፍል ውስጥ እናነበዋለን። ሁለት መስመር ብትሆንም ትበቃለች።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።