ቀድመው ደክመው ኋላ የተረሱ

ጁላይ 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «ፋይናል ፋንታሲ፦ ዘ ስፒሪትስ ዊዚን» ዋና ገጸ ባሕርይዋ ዶክተር አኪ ሮስ ትባላለች። ድምፅ ያዋሰቻት ተዋናይት ሚንግ ና ዌን ናት፤ አካሄዷም ከሌላ ሴት እንቅስቃሴ የተቀዳ ነው። መልኳ ግን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ኮምፒውተር ውስጥ የተሠራ ነው። ፀጉሯ ብቻውን 60,000 ገደማ ዘለላ አለው። ራሷን ባዞረች ቁጥር ዘለላው ሁሉ በየራሱ እንዲወዛወዝ፣ ቆም ስትል ደግሞ ተመልሶ ቦታው እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዛሬ ይህ ለተመልካች ብርቅ አይደለም። በዚያን ዘመን ግን ሙሉ ፊልም በሚያህል ሥራ ላይ እዚህ ድረስ የዘለቀ አልነበረም።

ፊልሙን አሁን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። የኮምፒውተር አኒሜሽን ታሪክ ሲወራ ከ«ቶይ ስቶሪ» ይጀመርና በ«ሽሬክ» በኩል አድርጎ «ፍሮዝን» ላይ ይደረሳል፤ በመካከል ያሉት ብዙዎቹ ተዘለው ይታለፋሉ። ከተዘለሉት መሀል መረሳት የሚገባቸው እንዳሉ አልክድም። ጥቂቶቹ ግን ሌሎች ኋላ በምቾት የሄዱበትን መንገድ የጠረጉ ናቸው፤ የድካማቸው ውጤት በሌላ ስም መመዝገቡ ያስቆጨኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የአኪ ሮስ ፈጣሪ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ናቸው። በ1987 «ፋይናል ፋንታሲ» የተባለውን የቪዲዮ ጌም አውጥተው ስኩዌር የተባለውን የጃፓን ኩባንያ ባለ ስም ያደረጉ ሰው ናቸው። እናታቸው በአደጋ ሞቱባቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት መንፈሱ ወዴት እንደሚሄድ ማሰላሰል ከአእምሯቸው አልወጣ አለ፤ ፊልሙን የጸነሱትም ከዚህ ሐሳብ ነው። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሰጧትም የእናታቸውን ስም ነው፦ አኪ። ታሪኩ በ2065 የሚፈጸም ነው፤ ከሌላ ዓለም በመጡ ረቂቅ ፍጥረታት በተወረረች ምድር ላይ አኪና መምህሯ ዶክተር ሲድ መድኃኒት የሚሆኑ ስምንት መናፍስትን ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ይህን የተለመደ የጠፈር ጦርነት አድርጎ ነው ያየው። እኔ ግን የአንድ ልጅ ለቅሶ አድርጌ ነው የማየው፤ እንዲህ ያየ ሰው በታሪኩ ላይ የሚነሱትን ቅሬታዎች በሙሉ ባይተዋቸውም ያለዝባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ስኩዌር ለዚህ ሥራ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ላይ አዲስ ስቱዲዮ ከፈተ። 200 ገደማ ባለሙያዎች አራት ዓመት ያህል ደከሙ። ፊልሙ 141,964 ፍሬሞች አሉት፤ አንዱን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ብርሃኑን፣ ጥላውንና ቀለሙን አስልቶ ያለቀለት ምስል እንዲያወጣ፣ በአማካይ 90 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሒሳቡን ልሥራው፦ ሥራው ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ሌትና ቀን ሳያርፍ 24 ዓመት ይወስድበት ነበር። ስቱዲዮው 960 ኮምፒውተሮችን ደርድሮ ነው የተወጣው። ያውም ይህ አንድ ፍሬም አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል ብለን ነው፤ በተግባር ግን ስሕተት በተገኘ ቁጥር ይደገማል።

ወጪው 137 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ገቢው በመላው ዓለም 85 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ቀረ።

ስኩዌር ለአኪ ትልቅ ተስፋ ነበረው። ከዚህ ፊልም በኋላ ሌላ ሚና ተሰጥቷት፣ ሌላ ልብስ ለብሳ፣ ሌላ ታሪክ ውስጥ እንደ ማንኛዋም ተዋናይት እንድትሠራ ታስቦ ነበር። የመጽሔት ፎቶ ሳይቀር ተዘጋጅቶላት ነበር። ኪሳራው ሲመጣ ሐሳቡም አብሮ ተቀበረ። ስቱዲዮው በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። የመጨረሻ ሥራው «ዘ አኒማትሪክስ» በተባለው የአጫጭር ፊልሞች ስብስብ ውስጥ በ2003 የወጣው «ፋይናል ፍላይት ኦፍ ዘ ኦሳይረስ» ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ባለሙያዎቹ ከአኪ ፊልም የተማሩትን ሁሉ አሳይተዋል። ከዚያ ተበተኑ። ሳካጉቺም ብዙ ሳይቆዩ ስኩዌርን ለቀቁ።

በዚያው ዓመት፣ በ2001፣ ሌላ ፀጉር ታሪክ ሠርቷል። ፒክሳር ኖቬምበር ላይ ባወጣው «ሞንስተርስ ኢንክ.» ውስጥ ያለው ሰማያዊ ጭራቅ ሰሊ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ የፀጉር ዘለላ ነበረው። ተመልካቹ ጭራቁን አቅፎ ተቀበለው፤ ሴቲቱን ግን ሸሸት አለ። ማሳሂሮ ሞሪ የተባሉ ጃፓናዊ የሮቦት ምሁር ይህን ከ30 ዓመት በፊት አይተውት ነበር። በ1970 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ ሰው ሠራሽ ነገር ሰውን እየመሰለ በሄደ ቁጥር እየወደድነው እንሄዳለን፤ ፍጹም ሊመስል ጥቂት ሲቀረው ግን ድንገት ይቀፈናል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አኪ የወደቀችው እዚያ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ነው። ዐይኗ ያበራል፣ ግን አያይም። ከንፈሯ ቃሉን ይላል፣ ጉንጯ ግን አብሮ አይናገርም። አስቂኙና አረንጓዴው ሽሬክ እንዲህ ያለ ፈተና አልነበረበትም፤ ሰው ነኝ አላለምና። በምርጥ አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የመጀመሪያውን ኦስካር በ2002 የወሰደውም እሱ ነው፤ «ፋይናል ፋንታሲ» ለዕጩነት እንኳ አልበቃም።

ፊልሙን ዛሬ ከፍቶ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ላሳይ። አኪን ይተዋትና ዶክተር ሲድን ይመልከት። ራሰ በራው፣ ነጭ ጢሙ፣ በዐይኑ ዙሪያ ያለው ሽብሽብ፣ የቆዳው የዕድሜ ነጠብጣብ። የሽማግሌ ፊት ለአኒሜተር ይራራል፤ ብርሃን የሚያርፍበት እጥፋት ብዙ ነው። ሲድ በዝግታ ሲዞር ለአንድ አፍታ እውነተኛ ሰው ፊታችን የቆመ ይመስላል። በ2001 ይህን መሥራት መቻል ራሱን የቻለ ድል ነበር፤ በገቢ መዝገብ ላይ ግን ለእንዲህ ያለ ድል ቦታ የለም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ከዚህም የባሰ ዕጣ የገጠመው ፊልም አለ፤ ጭራሽ ሳያልቅ የቀረ። በ1974 አሌክሳንደር ሹር የተባሉ ባለሀብትና የኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኃላፊ በሎንግ አይላንድ የኮምፒውተር ምስል ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ወጣቶቹን ኤድ ካትሙልንና አልቪ ሬይ ስሚዝን ቀጠሩ፤ ዘመኑ ያፈራውን ውድ መሣሪያ ሁሉ ገዙላቸው። ሕልማቸው በኮምፒውተር የተሠራ ሙሉ ፊልም ማየት ነበር። ላንስ ዊሊያምስ የተባለው ባለሙያ ጽፎት «ዘ ወርክስ» የተባለው ታሪክ ኢፕሶ ስለሚባል ሮቦትና ቲ-ስኩዌር ስለምትባል ወጣት አብራሪ ነበር። ቅንጭብጭቡ በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ታይቶ ብዙዎችን አስደንቋል፤ በተለይ ግዙፉ የጉንዳን ሮቦት። በዚያን ጊዜው የኮምፒውተር አቅም ሙሉውን ፊልም መጨረስ ግን የማይታሰብ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራው ቆመ።

ካትሙል በ1979 ወደ ሉካስፊልም ሄደ፤ ስሚዝም ተከተለው። እዚያ ያቋቋሙት ክፍል በ1986 ስቲቭ ጆብስ ሲገዛው ፒክሳር ሆነ። የፒክሳርን የልደት ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ሉካስንና ጆብስን ይጠራሉ፤ ሹርን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም። ካትሙልና ስሚዝ በሹር ቤተ ሙከራ ሳሉ ከፈጠሯቸው ነገሮች አንዱ «አልፋ ቻናል» ይባላል። የኮምፒውተር ምስል እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚነግሩ ሦስት ቁጥሮች አሏት። እነሱ አራተኛ ቁጥር ጨመሩ፤ ነጥቧ ምን ያህል እንደምታሳልፍ፣ ከበስተጀርባዋ ያለው ምን ያህል እንደሚታይ የሚናገር። በዚህች አንዲት ቁጥር ምስልን በምስል ላይ ያለ ስፌት መደረብ ተቻለ። ዛሬ በስልካችን የፎቶ ጀርባ ቆርጠን ሌላ ጀርባ ስናስገባ የምንሠራው በዚያው ሐሳብ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤ ያለው ግን ብራዚል ነው።

በ1990 የብራዚል መንግሥት የአገሪቱን ፊልም ሲደጉም የቆየውን ኤምብራፊልሜ የተባለ ድርጅት ዘጋ። በተከታዮቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የአገሪቱ ሲኒማ ከሞላ ጎደል ሞተ። በ1993 የዋጋ ንረቱ ከ2,000 በመቶ በላይ ነበር። ክሎቪስ ቪዬራ የተባለው አኒሜተር በ1992 «ካሲዮፔያ» የተባለውን ሙሉ የኮምፒውተር አኒሜሽን ፊልም የጀመረው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ፒክሳር ለ«ቶይ ስቶሪ» የዲዝኒ ገንዘብ፣ 30 ሚሊዮን ዶላር በጀትና ሬንደር የሚያደርጉ 117 ኃይለኛ ኮምፒውተሮች ነበሩት። ቪዬራ 11 አኒሜተሮች፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማና 17 ተራ የቢሮ ኮምፒውተሮች ነበሩት። 486 የሚባሉት ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያለ አንባቢ ያስታውሳቸዋል፤ ደብዳቤ የሚጻፍባቸው፣ ደመወዝ የሚሰላባቸው ማሽኖች።

ድህነቱ መልኩን ወሰነው። ገጸ ባሕርያቱ የተሠሩት ከኳስ፣ ከቱቦና ከሾጣጣ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቅርጾች ኮምፒውተሩን አያስጨንቁትም። ፀጉር የለም፣ የሚወዛወዝ ልብስ የለም። ታሪኩ በካሲዮፔያ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ስላለች አቴኔያ ስለምትባል ፕላኔት ነው። የግሪክ ተረት ካሲዮፔያን የኢትዮጵያ ንግሥት ነበረች ይላል፤ ኅብረ ከዋክብቱም ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ወራሪዎች መጥተው የፕላኔቷን የሕይወት ኃይል መምጠጥ ሲጀምሩ ሊዛ የተባለችው የሥነ ፈለክ ባለሙያ የድረሱልን ጥሪ ወደ ጠፈር ትልካለች፤ አራት ጀግኖችም ሰምተው ይመጣሉ። የልጆች ታሪክ ነው፤ ከዚያ በላይ ነኝ አይልም።

«ቶይ ስቶሪ» ኖቬምበር 22 ቀን 1995 ወጣ። «ካሲዮፔያ» ኤፕሪል 1 ቀን 1996። ልዩነቱ አራት ወር ከጥቂት ቀናት ነው። ብራዚላውያኑ ዛሬም ክርክራቸውን አልተዉም፦ «ቶይ ስቶሪ» አንዳንድ ገጸ ባሕርያቱን መጀመሪያ በሸክላ ቀርጾ ከዚያ ቅርጹን ወደ ኮምፒውተር አስገብቷል፤ የእኛ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኮምፒውተር ውስጥ ተወለደ፤ ስለዚህ ቀዳሚው ንጹሕ ዲጂታል ፊልም የእኛ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ክርክር አልገፋም። ሸክላውም ቢሆን መነሻ እንጂ ፊልሙ አይደለም፤ ቀኑም ግልጽ ነው። ክርክሩ እንዲያውም ጎድቷቸዋል እላለሁ። ፊልሙ በተነሳ ቁጥር የሚወራው አንደኛ ነው ወይስ ሁለተኛ የሚለው ሆኖ፣ ትልቁ ነገር ተሸፈነ፦ ድጋፍ በሌለበት አገር፣ ገንዘብ በየቀኑ በሚረክስበት ዘመን ጥቂት ሰዎች በቢሮ ኮምፒውተር ሙሉ ፊልም ሠርተው ለሲኒማ ቤት አበቁ። የዚያን ሰሞን ሌላ ማን አደረገው?

የእነሱ ዓይነት ሥራ ቀጣይ አግኝቷል። ሆኖሉሉ ላይ ስቱዲዮው በተዘጋበት በዚያው በ2002 ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ባለቤት የነበረው የኔዘርላንድስ ኩባንያም ተዘግቶ ነበር። ተጠቃሚዎቹ ግን በጥቂት ሳምንታት 100,000 ዩሮ አዋጥተው ሶፍትዌሩን ከገንዘብ ሰጪዎቹ ገዙትና ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቁት። በ2010 አርጀንቲናውያን ስለ ወፎች የሚተርከውን «ፕሉሚፌሮስ» የተባለ ሙሉ ፊልም በዚሁ ሶፍትዌር ሠሩ። እሱንም ዛሬ የሚያስታውሰው የለም ማለት ይቻላል።

ከዚያ ላትቪያዊው ጊንትስ ዚልባሎዲስ መጣ። ከጎርፍ ስለምታመልጥ ድመት የሚተርከውን፣ አንድም ቃል የማይነገርበትን «ፍሎው» በብሌንደር፣ በ3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሠራ። ሬንደር ያደረገውም በራሱ ኮምፒውተር ነው፤ በ2001 90 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው አንድ ፍሬም አሁን ሰከንዶች ብቻ ወሰደ። በማርች 2025 «ፍሎው» ፒክሳርንና ድሪምወርክስን አሸንፎ ኦስካር ወሰደ። ዜናው ዓለምን አስገረመ፤ ከየት መጣ ተባለ። ታሪኩን ከፒክሳር ብቻ የሚጀምር ሰው ቢገረም አይፈረድበትም፤ 17ቱን የብራዚል ኮምፒውተሮች አያውቃቸውምና።

በአገራችን አኒሜሽን ለወጣቶች የሚያስተምሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በ«ቶይ ስቶሪ» ቢከፍቱ አልቃወምም። በሁለተኛው ግን «ካሲዮፔያን» ያሳዩ፣ በሦስተኛው የዶክተር ሲድን ፊት አስቁመው ያሳዩ፣ ከዚያም የሁለቱንም በጀት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉት።